የበላቸውን ጉልበት ማን ይዳስሳል?

ክቡር ርዕሰ መምህር ሐብተ ማርያም፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ከምስጋናዬ በፊት አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። እሱን ካልያዛችሁ የቀረው ንግግሬ አይገባችሁም። አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዲሶቹ ግን አታውቁም። የመጨረሻ ልጄ ኡዘይር ሄሞፊሊያ የሚባል ሕመም አለበት። ደሙ ቶሎ አይረጋም። ብዙ ጊዜ የሚደማው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ መገጣጠሚያው ላይ ነው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ቡዳም እርግማንም አይደለም። ከእኔ የወረሰው ነው። ለአካባቢያችን ሕክምናው የሚገኘው ደግሞ እዚሁ ጎንደር ከተማ ነው። ስለዚህ ኡዘይር ከተወለደ ጀምሮ ሃያ ዓመት፣ ከዚህ ከተማ ወጥቼ ያደርኩበትን ሌሊት አላስታውስም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዛሬ ለጡረታ ሽኝቴ ስመጣ ለክርስቲያኑና ለእስላሙ ሁለት ትሪ ለይታችሁ ታቀርባላችሁ ብዬ ነበር። እናንተ ግን ሁላችንም ከአንድ ትሪ እንድንበላ ብላችሁ፣ ጾም ሳይሆን የጾም ምግብ አሠርታችኋል። ይህን ያሰበውን ሰው አላህ ያክብረው። የስፖርት መምህራችን አስማረ ግን ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «እትዬ ዙሌይካ፣ ጡረታ የወጣሽው አንቺ፣ ሥጋ የቀረብን እኛ» ብሎኛል።

ስልኬን ስለታገሣችሁልኝም አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ዐብዱልከሪም ነጋዴ ስለሆነ፣ በክፍለ ጊዜ መካከል ስልኬ በጮኸ ቁጥር የንግድ ጉዳይ ይመስላችሁ ነበር። የሪከርድ ክፍሏ እቴነሽ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ዛሬስ ስንት ማኪና ሰሊጥ ገባ?» ትለኛለች። «መንገድ ላይ ነው» እላታለሁ። እውነትም መንገድ ላይ ነበር፤ ሰሊጥ ሳይሆን የሚደማ ልጅ።

እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሁለት ወንድሞቼ በሕፃንነታቸው ተገርዘው ደማቸው አልቆም ብሎ ሞተዋል። እናቴ እስክትሞት ድረስ የገራዡን እጅ ስትረግም ኖረች። ሰውዬው አገር ለቆ ሄደ። ኡዘይርም ሲገረዝ ደሙ አልቆም አለ፤ እኛ ግን ሆስፒታሉ አጠገብ ነበርንና ተረፈ። የሕመሙን ስም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ገራዡ ምንም አላጠፋም ነበር። ያንን የምነግራት እናት ግን አልነበረችኝም።

ከዚያ በኋላም ለዓመታት እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ኡዘይርን ይዤ ሆስፒታል ሳለሁ ነርሷ እጄን ይዛ ወደ ሌላ አልጋ ወሰደችኝ። ወለተ ሚካኤል የምትባል የአዲ አርቃይ ሴት፣ ወንድ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። እኔ የልጇን ጉልበት አየሁ፤ እሷ የልጄን ጉልበት አየች።

«አንቺም?» አለችኝ።

«እኔም» አልኳት።

የወላጆች ማኅበራችን የተጀመረው እዚያ አልጋ ላይ ነው። ዋናው የሄሞፊሊያ ማኅበር ከአዲስ አበባ ያገኘን በኋላ ነው። ሥራችን ከባድ አይደለም። በዘር ይህ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ወንድ ልጅ ሲወለድለት፣ ሳያስመረምር እንዳያስገርዝ እንነግረዋለን። የደማ ልጅ ይዞ የተነሣ ወላጅ ከደወለልን ደግሞ፣ እሱ እስኪደርስ ሐኪሞቹ እንዲዘጋጁ እናደርጋለን። ከባዱ ስልኩን አለማጥፋት ነው።

የአዲ አርቃይ ርዕሰ መምህርነት ተሰጥቶኝ እምቢ ያልኩ ጊዜ፣ «ሙቀቱን ፈርታ ነው» ተባልኩ። ማን ነበር ጃንጥላ የገዛልኝ? አስማረ አትሳቅ፣ አንተ ነህ። እኔ ሙቀት አልፈራም። እህቴ ሃጂራ የምትኖረው እዚያው አዲ አርቃይ ነበር፤ ከእሷ ጋር ብሠራ ምን ያህል ደስ ይለኝ ነበር። ሃጂራ የሞተች ዕለት ኡዘይር ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር ቀብሯ ላይ አልቆምኩም። ወደ አዲ አርቃይ የሚያስወርደውን የሊማሊሞን ቁልቁለት በዚያ ቀን በሐሳቤ ስንት ጊዜ ወረድኩት።

የሚያውቁኝ ሁሉ ሰሞኑን፣ «ዙሌይካ፣ እንግዲህ ነጻ ወጣሽ» ይሉኛል። ከምኑ?

ልጄም እንደ እኔ የታሰረ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ አሶሳ ደረሰው። ደስታው አይነገርም፤ ሻንጣውን ከቁም ሣጥን ላይ አወረደ። እኛ የሐኪም ማስረጃ አቅርበን ምደባው ወደ ጎንደር ተቀየረ። ሻንጣውን መልሶ ሲሰቅል፣ «እማዬ፣ ለሌላው ልጅ አገር ይደርሰዋል፤ ለእኔ ያንቺ ጓሮ ደረሰኝ» አለኝ። ልክ ነው።

አሁን ስለዚህ ግቢ ልናገር። ኡዘይር ሰባተኛ ክፍል ሳለ አርፍዶ የመጣ ተማሪ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ እስኪያልቅ በሩ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ ይንበረከክ ነበር። አንድ ቀን ኡዘይር አረፈደ፤ ተረኛው አስማረ ነው። ሕመሙን አያውቅም፤ ኡዘይር ያን ጊዜ ከርዕሰ መምህሩ በቀር ለማንም እንዳልናገር አስምሎኝ ነበር። ልጆቹ ሁሉ ሲንበረከኩ ኡዘይርም ተንበረከከ። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ከዴስኩ መነሣት አቃተው። አስማረ አዝሎት እየሮጠ ወጣ፤ ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ሄድን።

አስማረ፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው አሞኛል አትለኝም?» አለው።

«ጓደኞቼ ተንበርክከው እኔ ልቁም?»

አስማረ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ወጥቶ፣ ከእንግዲህ በዚህ ግቢ ማንም እንደማይንበረከክ፣ ያረፈደ ችግኝ እንደሚያጠጣ ተናገረ። ኡዘይር ያለበትን ግን ለማንም አልተናገረም። በሩ ላይ የምታዩዋቸው ጽዶች የሰነፎች ሥራ ናቸው። እንዲህ መወፈራቸው ስለ ተማሪዎቻችን ምን እንደሚናገር ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ይህን ሁሉ ያልኩት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ከጎንደር ራቅ ባለችው በመካነ ብርሃን አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ አሉ። ልጃቸው በላቸው እንደ ኡዘይር ነው። ስድስተኛ ክፍልን ጨርሷል፤ ግማሹን ዓመት አልጋ ላይ ሆኖ። እዚሁ አጠገባችን ፀዳ ከተማ አክስት ስላለችው፣ ለሕክምናው እንዲቀርብ መስከረም ላይ ወደዚህ ትምህርት ቤት ሊያመጡት ያስባሉ። ባለፈው ሲደውሉልኝ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጁ እኮ ሸጋ ነው እትዬ። ንባብ ይወዳል። ግን እኔ ሳልኖር ቢደማ፣ ማን ያይልኛል? ያ ግቢ አንቱ አሉበት ብዬ ነበር እኮ።»

«እኔ ጡረታ ወጣሁ፣ አያ ታከለ።»

«እንግዲያ እዚሁ ይቅር» አሉ። እዚሁ ይቅር ማለት ትምህርቱም ይቅር ማለት ነው። ልጁም እንደ እኔ፣ እንደ ኡዘይር፣ በአንድ ግቢ ይዘጋል፤ የእሱ ግቢ ደግሞ ሐኪም የሌለበት ነው።

ስለዚህ ከእናንተ አንድ ሰው እፈልጋለሁ። የሚሠራውን በትክክል ልንገረው። እንዲህ ያሉ ልጆች መድማታቸውን ይደብቃሉ። መገጣጠሚያው ከማበጡ በፊት ግን ይሞቃል። ልጁ አካሄዱ ከተለወጠ ወይም ያለ ልማዱ ዝም ካለ ጠርታችሁ፣ የእጃችሁን ጀርባ አንዱ ጉልበቱ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላው ላይ አድርጉና አስተያዩ። አንዱ ከሞቀ እብጠቱን አትጠብቁ፤ ለእኔ ደውሉ፣ ልጁን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ውጡ። ጭንቅላቱን ከተመታ ግን ደህና ነኝ ቢልም አትስሙት፤ በቀጥታ ሆስፒታል። የቀረውን እኔ እሠራለሁ። በስልክ ጉልበት መዳሰስ ግን አልችልም።

አልዋሻችሁም፤ ነገሩ ያስራል። ስልካችሁን አታጠፉም። ለቅሶም ሠርግም ስትሄዱ መጀመሪያ የምታስቡት እሱን ነው። ስለዚህ ሁለት ሰው ቢገኝ ይሻላል፤ አንዱ ሲሄድ አንዱ እንዲቀር። እኔ ሁለት ሆኜ ቢሆን ኖሮ እህቴን እቀብር ነበር። አሁን እዚሁ ሰው ፊት እጃችሁን አታንሡ፤ ይሉኝታ ይዟችሁ እንድትገቡበት አልፈልግም። ቤታችሁ ሄዳችሁ ከቤተሰባችሁ ተማከሩበት። አልችልም የሚለኝንም አልቀየመውም፤ መልሱን ማወቅ ግን አለብኝ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ። የምታስተምሯቸው ልጆች ይለፉላችሁ። የወለዳችኋቸው ደግሞ ሻንጣቸውን ይዘው የሚወጡ፣ ሩቅ አገር የሚደርሱ፣ ደህና ሆነው የሚመለሱ ይሁኑ።

አያ ታከለ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ይደውሉልኛል። ልጁን ይዘው ይምጡ ልበላቸው ወይስ ይቅር? እባካችሁ፣ እስከ ዓርብ ማታ መልሱን ንገሩኝ።