ከዋናው ሆስፒታል የሚወጣ ቀስት

— ሄሎ! … አቤት ወንድሜ! … እኔማ እሰማሃለሁ፣ የማትሰማው አንተ ነህ። ጮክ በል፣ ፀጉር ቤት ነኝ፣ ማድረቂያው ይጮሃል።

— እህትህ ዛሬ ፈቃድ ላይ ናት። ፕሮግራመርም ሰው ነው፣ ፀጉር ያበቅላል። … ያንተማ ሸሽቷል፣ ምን ታደርገው! … እሺ፣ እሺ፣ አልቀልድም። ምን ሆነሃል?

— ተሰቀለ? ምኑ? … ኮምፒውተሩ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ደርቆ ቀረ? … ቆይ፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ። የሆስፒታሎቹ የዝውውር ዝርዝር ነው አይደል? ቦታ መቀያየር የሚፈልጉት ሠራተኞች? … ሦስት መቶ አርባ ሰው። … ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል?! እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር፣ አንተ ልጅ!

— ሚስትህስ? ስሟ አለበት? … እሱንማ አውቃለሁ። እሷ ሐይቁ ዳር ያለው ሆስፒታል ነርስ፣ አንተ ዋናው ሆስፒታል ኮምፒውተር ታቅፈህ፣ ይኸው ሁለት ዓመታችሁ። ልጃችሁስ ደህና ናት? … «አባባ የታለ?» ሲሏት ስልኩን ታሳያለች? … ውይ! … ውይ፣ አንጀቴን በላችው። ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። በል ና፣ ዛሬ እንጨርሰው።

(ቀስ በይ እንጂ፣ ነቀልሽው እኮ! … ወንድሜ ነው። አዎ፣ ያ ሚስቱ ሩቅ የተመደበችበት።)

— አንተን አይደለም፣ ፀጉር ሠሪዋን ነው። ቀጥል። … የስም ዝርዝሩን ሰንጠረዥ ከራሱ ጋር አገናኘኸው፣ ሁለት ሰዎች ሲቀያየሩ ያገኛል። እሺ። … ለሦስት ሰው እንደገና አገናኘኸው፣ ተንቀራፈፈ። ለአምስት ስትለው ተሰቀለ። አይፈረድበትም!

— ለምን ብሎ ነገር አለ? ሰንጠረዥ ጎረቤቱን አያውቅማ። ከአንድ ሰው ወደ ሌላው በተሻገርክ ቁጥር መዝገብ ቤት ተመልሰህ መዝገብ ታገላብጣለህ። አምስቴ ከተሻገርክ አምስቴ ምልልስ ነው፣ በዚያ ላይ የሚገናኘው ሰው እየተባዛ ይሄዳል። ግራፍ ዳታቤዝ ግን ግንኙነቱን ራሱን ነው የሚያስቀምጠው። የጎረቤቱን በር ያውቀዋል፤ አንኳኩቶ ይገባል፣ መዝገብ የለ ምን የለ። … አዎ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው። ባለፈው የላክሁልህን የግራፍ ፕሮግራም ጭነኸዋል? … ጎበዝ፣ ዛሬ ገና ሰማኸኝ።

— አሁን ወረቀት አምጣ። … ወረቀት ነው ያልኩህ፣ ኪቦርዱን ልቀቀው! አንድ ነጥብ አድርግ፣ ሚስትህ ናት። ሌላ ነጥብ፣ የሐይቁ ሆስፒታል። ከእሷ ወደዚያ ቀስት ሳብና «ይሠራል» ብለህ ጻፍበት። … «ትሠራለች» ባትለው አትቀየምም፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። ሦስተኛ ነጥብ፣ ዋናው ሆስፒታል። ከእሷ ወደዚያ ሌላ ቀስት፣ «ይፈልጋል»። … አለቀ። … አለቀ ስልህ! መጽሐፉ ነጥቡን ኖድ ይለዋል፣ አንተ ነጥብ በለው፣ ማንም አይከስህም።

— ሙያው? ነጥቡ ላይ ትጽፈዋለህ። ነርስ ከነርስ፣ ሐኪም ከሐኪም ነዋ የሚቀያየረው። ያመለከቱበት ቀን ግን የቀስቱ ነው፣ «ይፈልጋል» ላይ ጻፈው። … አየህ፣ ቀስቱም የራሱ ጓዝ አለው። … ኧረ ለሱ ብለህ አዲስ ሰንጠረዥ አትፍጠር! እጅህን ሰብስብ!

— ሁሉንም ከፋይሉ አስገባኸው? … ጥሩ፣ አሁን ለኮምፒውተሩ ጥያቄውን ጻፍለት። ከአንድ ሰው ተነሣ፣ ወደሚፈልገው ቦታ ሂድ። እዚያ የሚሠራ፣ ሙያው አንድ የሆነ ሰው ያዝ፣ እሱ ወደሚፈልገው ደግሞ ሂድ … እንዲህ እንዲህ እያልክ የመጀመሪያው ሰውዬ የሚሠራበት ቦታ ከደረስክ ቁም፣ ክቡ ሞላ። ሁሉም አንዳንድ ቦታ ፈቀቅ ይላል፣ ማንም ሜዳ ላይ አይቀርም። … ገደብ አብጅለት! ከስድስት ሰው በላይ አትሂድ በለው፣ አለዚያ ሲዞር ይከርማል። … ጀምረው። እጠብቃለሁ።

(ጫፉን ብቻ ነው ያልኩሽ፣ ጫፉን! … ይሄ ወለሉ ላይ ያለው ሁሉ የኔ ነው?)

— ጨረሰ? በስንት? … በሁለት ሰከንድ! እልልል! … አምስት ነርሶች በአንድ ክብ? … በድምሩ አስራ ሰባት ሰው! አለቃህ ዛሬ ይስሙሃል። … ሚስትህስ ከማን ጋር ወጣች?

— የለችም ማለት? … ድገመው እስቲ። … ዜሮ። … ቆይ፣ ከዋናው ሆስፒታል መውጣት የሚፈልጉ ነርሶችን ብቻ አውጣልኝ። … አንድም? … ወደ ዋናው መግባት የሚፈልጉትስ? … ዘጠና አንድ። ዘጠና አንድ ቀስት ይገባል፣ የሚወጣ አንድም የለም። ታዲያ ክቡ ከየት ይምጣ!

— ምን ትነካካለህ? … እንደገና ጀመርከው? … አይ፣ ጥያቄህ ልክ ነው። ሺህ ጊዜ ብትደጋግመው መልሱ ያው ነው፣ የሌለ ቀስት አይፈጥርም። … አውቃለሁ። አውቃለሁ የኔ ወንድም፣ እኔም ከፍቶኛል።

(ምን አልሽ? … እስቲ ድገሚው።)

— ቆይ፣ ፀጉር ሠሪዋ አንድ ነገር አለች። «እሱ ለምን አይሄድም?» ነው የምትለው። … አትሳቅ፣ ከልቧ ነው። … ቆይ እንጂ። አንተ ዝርዝሩ ውስጥ አለህ? … ዝርዝሩ የሠራተኛው ሁሉ አይደለም እንዴ? አንተ ሠራተኛ አይደለህም? … አዘጋጁ ስለሆንክ! አዘጋጅ ሰው አይደለም? ሁለት ዓመት ሙሉ የእሷን ቀስት ወደ አንተ ስታስመዘግብ፣ ካንተ ወደ እሷ አንዲት እንኳ አልወጣችም? … አልተቆጣሁም። … እሺ፣ ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

— የክፍል ኃላፊነቱ ያመልጠኛል? … አዎ፣ ቃል ገብተውልሃል። አምናም ገብተውልህ ነበር። … ቀላል ነው አላልኩም። ወንበሩን ከፈለግከው ተቀመጥበት፣ ታላቅ እህትህ እንጂ አለቃህ አይደለሁም። ግን ከእንግዲህ ለሚስትህ «መንገድ የለም» አትበላት። «መንገድ የለም» ማለት ሌላ፣ «አልሄድም» ማለት ሌላ።

— … እሺ። … እሺ፣ ለማየት ያህል ብቻ። ራስህን አስገባ። ሙያ፣ የኮምፒውተር ባለሙያ። «ይሠራል»፣ ዋናው ሆስፒታል። «ይፈልጋል» … በል ጻፈው፣ ጣትህ አይቆረጥም … የሐይቁ ሆስፒታል። በል ጀምረው።

— ወጣ? … ሁለት ሰው? አንተና ማን? … የሐይቁ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ! ያ በየሳምንቱ «ኔትወርክ ተቋረጠ» እያለ የሚደውልልህ ሰውዬ? … ወደ ዋናው ለመምጣት ካመለከተ አራት ዓመቱ? … አትለኝም! በየሳምንቱ ስታወራው አንድ ቀን እንኳ «ምን ትፈልጋለህ?» አላልከውም?

— ኧረ አንተ! … ሁለት ሰው እኮ ነው! ይሄንንማ ያ የተሰቀለው ሰንጠረዥህም ያገኘው ነበር። ግራፍም አያስፈልገው፣ እኔም አላስፈልገው። ያጣው የአንተን ስም ነው።

(አገኘ! … አዎ፣ ባንቺ ነው! ዛሬ ሁለት ፕሮግራመር አሳፈርሽ።)

— ስንት ሰዓት ሆነ? … አስር ተኩል። ግማሽ ሰዓት አለህ። … እኔማ አልወስንልህም። … ከላክኸው ግን የእሷን ማመልከቻ ሰርዝ፣ አለዚያ ያንተ መኪና ሲሄድ የእሷ ሲመጣ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ! … መጀመሪያ ደውልላት። … ምን ብዬ ትለኛለህ እንዴ? «ልምጣ ወይ?» በላት፣ በቃ። … ድምፅህ ምን ሆነ? … አለርጂ? አሁን ጀመረህ? … እሺ፣ አለርጂ ይሁን።

— ምን አልክ? ማድረቂያው … (አጥፊልኝ እስቲ፣ አንዴ!) … እንደገና በለው። … «ላክሁት»? ምኑን? … ስምህን ጨምረህ? መቼ? … እኔ ስለ መኪናው ስቀልድ?

— … ወንድምዬ። … አይ፣ አላለቅስም፣ እዚህም አለርጂ አለ። … እንግዲያውስ «ልምጣ ወይ?» የሚለውን ተወው። «መጣሁ» በላት። … አዎ፣ አሁኑኑ። … የኔን ነገር ተወው፣ ስልኩን ለእሷ ልቀቅላት። ዝጋ። … ዝጋ አልኩህ እኮ!