ላለማለፍ የተማማለው ክፍል

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ጋሽ ግንበኛ? ምነው፣ በደህና ነው? አሁን ፈተና ላይ አይደላችሁም እንዴ?

— አሃ፣ እረፍት ወጣችሁ። ንባቡ አለቀ፣ ሒሳቡ ቀረ... ጎሽ! እኔማ ትምህርት ቢሮ ነኝ፣ ኮሪደር ላይ። ስለ ማታ ክፍላችን በጀት ስብሰባው ውስጥ ገብቼ ልናገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ "አሁን ትጠሪያለሽ፣ አሁን ትጠሪያለሽ" ይሉኛል። መቀመጥም መቆምም አቅቶኛል፣ ወዲያ ወዲህ ስል ወለሉን ጨረስኩት... ምን አሉ?

— የምን ይቅርታ? የክፍሉ አለቃ ሆነው ምን አጠፉ?

— ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ይቆራረጣል። እስቲ ወደ ግቢው በር ጠጋ ይበሉ... አዎ፣ አሁን ይሰማል።

— ጻፉ። እና? ፈተና ላይ መጻፍ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?

— አድማ? የምን አድማ?

— አንቺ እህቴ፣ እኔን ነው የጠራሽው?... አይደለም? እሺ፣ እሺ።

— ይድገሙልኝ እስቲ። ሁላችሁም... ባዶ ወረቀት ልትሰጡ... ተማምላችሁ? ክፍሉ በሙሉ? የኔ ተማሪዎች?... ፀጉር ሠሪዋም?... እነዚያ ሁለቱ ሹፌሮችም?... ወይ ጉዴ!

— ቆይ፣ ቆይ፣ ማነው ክፍሉ ይዘጋል ብሎ ያስወራው?... ጥበቃው። እሱ ደግሞ! ሥራው በር መጠበቅ መስሎኝ... አዎ፣ ዘንድሮ አዲስ የሚመዘገብ ሰው ጠፍቷል፤ እሱስ አልዋሸም።

— እየሰማሁ ነው። "እኛ አልፈን ከወጣን ወንበሩ ባዶ ይቀራል፣ ለባዶ ወንበር ደግሞ ማንም ብር አይሰጥም፣ ስለዚህ እንውደቅና እንቀመጥ..." ገባኝ፣ ጋሼ። ክፍሉን ልታድኑ ነው። ኩል እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች አሉ!

— አልተቆጣሁም!... እሺ፣ ተቆጥቻለሁ። ይስሙኝማ። መንግሥት ብሩን የሚሰጠው ወንበር ስለሞላን ብቻ አይደለም። ከተመዘገበው ሰው ግማሹ ካላለፈ "ይሄ ክፍል ምን ይረባል" ብለው ለከርሞ ሰባራ ሳንቲም አይሰጡንም። ውጤታችሁ ዛሬ ከሰዓት እዚህ ይደርሳል፤ ከወደቃችሁ ክፍሉ ዛሬውኑ አለቀለት... አዎ፣ ዛሬውኑ። እዚሁ ፊቴ ካለው በር ውስጥ።

— እኔማ ገብቼ ምን ልል ነበር መሰለዎት? "የኔዎቹ አንድ ሳይቀሩ ያልፋሉ፣ ከፈለጋችሁ ፈትኗቸው" ልል! ስፎክር ነው የከረምኩት።

— ሄሎ?... ሄሎ፣ ይሰሙኛል?...

— ኧረ በፈጠረዎት፣ አያልቅሱ! እርስዎ እኮ ነዎት የጻፉት... ከሃዲ? እሰየው ከሃዲ! የዚህን ክፍል ነፍስ እስካሁን ያቆየ ያ ከሃዲ ነው።

— ግን እንዴት ብለው ጻፉ? ከተማማላችሁ በኋላ... ሁሉም እስክሪብቶውን ቤቱ ትቶ መጣ?... እጁ እንዳያመልጠው! ሃሃ... ይቅርታ፣ የሚያስቅ ሆኖ አይደለም። እርስዎ ደግሞ እርሳሱን ከጆሮዎ ላይ ማውረድ ረሱ። ከሥራ በቀጥታ መጥተው...

— ምንድን ነበር የሚነበበው?... የሐኪም ቤት ማስታወቂያ። ሳያስቡት አነበቡት... "አውቄ እያለሁ አላውቅም ማለት አቃተኝ"...

— ጋሼ፣ እኔን ደግሞ አያስለቅሱኝ። ሰው ፊት ነኝ።

— ደወሉ መቼ ነው?... አሁን?! እንግዲያው ምን ቆመን እናወራለን! ይስሙኝ። የሁለቱ ፈተና ውጤት ተደምሮ ነው የሚያዘው፣ የሒሳቡ ነጥብ ደግሞ ይበልጣል። ሒሳቡን በደንብ ከሠሩ ይደርሳሉ... ይደርሳሉ ስልዎት! ሹፌሮቹ መልስ ሲመልሱ ተሳስተው ያውቃሉ? ፀጉር ሠሪዋንስ በሒሳብ ማን ይችላታል?

— እሷን ነው መጀመሪያ ማሳመን። እሷ ከተነሳች ሌላው ይከተላል... መሐላውማ፣ "አስተማሪዋ አፍርሱ ብላለች፣ ኃጢአቱ በእሷ ነው" ይበሏቸው። እኔ እችለዋለሁ።

— እስክሪብቶ! እውነትዎን ነው፣ በምን ይጽፋሉ?... ከመንገዱ ማዶ ሱቅ አለ አይደል? "ለአስተማሪዋ ነው" ካላችሁት ባለሱቁ በዱቤ ይሰጣል። እርስዎ አይሂዱ፣ ጥበቃውን ይላኩት። ወሬውን ያመጣ እሱ አይደል? እግሩ እስኪቀጥን ይሩጥ!

— አቤት?... መጣሁ እህቴ! አንድ ደቂቃ ብቻ፣ ባክሽ። "ውሃ ልትጠጣ ወጣች" በያቸው... እህ፣ እዚህ በራቸው ላይ ቆሜም ቢሆን በያቸው!

— ሄሎ፣ አለሁ። ላኩት?... እየሮጠ ነው? ተመስገን።

— ምን አሉ?... ጮክ ይበሉ።

— ካለፋችሁ በኋላ ማታ ማታ የት ትሄዳላችሁ...

— አላውቅም፣ ጋሼ። እንዴት ብዬ ልዋሽዎት? አዲስ ሰው ከመጣ እኔ እዚያው ነኝ፣ የእናንተ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል። እናንተን ማስቀመጥ ግን አልችልም። ያለፈ ሰው አይመዘገብም።

— እኔስ የምፈልግ መሰለዎት? ቀን ቀን እዚህ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ውዬ፣ ማታ እናንተ ጋ ስገባ ነው ሰው የምሆነው። የእርስዎ ቀልድ፣ የፀጉር ሠሪዋ ጭቅጭቅ... እውነቱን ልንገርዎት፣ ቅድም "ሁላችንም ልንወድቅ ነው" ሲሉኝ ከንዴቴ በፊት ደስ ያለኝ ነገር ነበር። "ይመለሳሉ" አልኩ በልቤ። አፈርኩ በራሴ።

— ግን ያን ሁሉ ማታ ፊደል ያስቆጠርኳችሁ እዚያ ቁጭ እንድትሉ አይደለም። እለፉና ሂዱልኝ። ይሰሙኛል? እለፉና...

— ሄሎ?... ያ ደወሉ ነው?... ጋሼ፣ ስልክዎን ያጥፉት፣ ፈተና ክፍል ይዘውት እንዳይገቡ!... ሄሎ?... ሄሎ?

— ተቋረጠ።

— እሺ እህቴ፣ ገባሁ... የለም፣ ደህና ነኝ። የቱጋ እንደተቋረጠ አላውቅም እንጂ፣ ሂዱ ማለቴን ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ... እሺ፣ እሺ፣ ገባሁ። ስልኬን ልዝጋው።