አይ ኬም

ሐዋሳ፣ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል፣ ከምሳ በኋላ። አስተናጋጁ ዳምጠው ነገ የእንግሊዝኛ ፈተና አለበት፤ እንግዳ ተቀባይዋ ትንግርት የኃላፊ ጊዜ ግስ ታስጠናዋለች።

ትንግርት፦ ጎድ? ጎድማ እግዜር ነው! «ጎ» ሲያልፍ ምን ይሆናል አልኩህ?

ዳምጠው፦ አንቺ ራስሽ መጨረሻው ላይ «ኢ ዲ» ጨምርበት አላልሽም?

ትንግርት፦ ያገኘኸው ላይ ሁሉ በትን አልኩህ? በርበሬ መሰለህ? ዌንት ነው! ጎ፣ ዌንት። መሄድ እንኳ ላንተ አይከብድህም ነበር።

ዳምጠው፦ ጀመረሽ ደግሞ።

ትንግርት፦ ብሪንግ?

ዳምጠው፦ ብራንግ።

ትንግርት፦ ምንድነው፣ ትሪ ወደቀብህ? ብሮት በል።

ዳምጠው፦ እሺ፣ ብሮት። ቀስ በይ እንጂ ትንጉዬ! ነገ ብወድቅ እኮ ልብስ ማጠቢያ ነው የሚወረውሩኝ። ሥራ አስኪያጁ በአፉ ነግሮኛል።

ትንግርት፦ ስሜን አታቆላምጥ። ማጠቢያ ቤት ምን አለው? አንሶላ እንደሆነ ግስ አይጠይቅህም። ፑት?

ዳምጠው፦ ፑት... ፑትድ?

ትንግርት፦ ፑት፣ ፑት። አይለወጥም።

ዳምጠው፦ ይሄን ወደድኩት! ልክ እንደኔ፣ ቃሉን የማይቀይር።

ትንግርት፦ ቀስ ብለህ አውራ፤ ወጥ ቤት ያሉት ሰምተው በሳቅ ይሞታሉ።

ዳምጠው፦ እስቲ የማውቀውን ጠይቂኝ። ካም፣ ኬም! ይኸው!

ትንግርት፦ በዚችው ኬምህ አይደል እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባኸው? ፈረንጁ ሹካ አምጣልኝ ቢልህ «አይ ኬም፣ አይ ኬም» እያልክ ወደ ጓዳ ገባህ። እሱ ዞር ዞር ብሎ ቢያይ የለህም። እኔ ጋ መጥቶ «አስተናጋጃችሁ መጥቻለሁ ይለኛል፣ ግን አይታይም፤ ጤነኛ ነው?» አለኝ።

ዳምጠው፦ ምን አጠፋሁ? «መጣሁ» ማለቴ ነዋ! አገሩ ሁሉ «መጣሁ፣ መጣሁ» እያለ አይደል እንዴ የሚሄደው?

ትንግርት፦ በእንግሊዝኛ «ኬም» ያለ ሰው ቆሞ መታየት አለበት። ገና ከሆንክ «አይ አም ካሚንግ» ትላለህ።

ዳምጠው፦ በአማርኛ ግን ያስኬዳል።

ትንግርት፦ በደንብ ነዋ! አንተን ሞያሌ ድረስ አስኬደህ አይደል? «ሽማግሌዎቹን ይዤ መጣሁ» ብለህ ከቤታችን ወጣህ። አባዬ ኮቱን እንደለበሰ አመሸ። ብርድ ነው እያለ፣ ኮቱን አላወልቅም እያለ። እማዬ ለጎረቤት የምትለው ጠፋት።

ዳምጠው፦ ነገርኩሽ እኮ። ለሠርጋችን ይሆናል ብዬ ሸቀጥ ላመጣ ወረድኩ፣ ተያዘብኝ። ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ? አፈርኩ።

ትንግርት፦ ስልክህም አብሮ አፈረ?

ዳምጠው፦ ጥፋቴ ነው፣ አልክድም። ግን ይኸው ተመልሼ የለ? ፊትሽ ቆሜ እየታየሁ ነው። ሰውየው ያጣው ኬም እዚህ አለ!

ትንግርት፦ ኤዲያ!

ዳምጠው፦ ሳቅሽ! አየሁሽ፣ ሳቅሽ።

ትንግርት፦ በእንግሊዝኛህ ነው የሳቅኩት።

ዳምጠው፦ በምኔም ይሁን። ትንጉዬ፣ የነገውን ልለፍና እሁድ ሽማግሌ ልላክ። አባባም ኮታቸውን አይልበሱ፤ ደጅ ቆሜ ካዩኝ በኋላ ይልበሱ። እሺ በይኝ።

ትንግርት፦ አንድ ግስ ቀርቶሃል። ዌይት።

ዳምጠው፦ መጠበቅ! እሱ ላይስ «ኢ ዲ» ይጨመራል?

ትንግርት፦ ይጨመራል።

ዳምጠው፦ ዌይትድ! አገኘሁት! አይ ዌይትድ!

ትንግርት፦ «አይ»ዋን ለኔ ተዋት፤ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። አይ ዌይትድ። «ኢ ዲ» ከተጨመረበት ደግሞ አልቋል ማለት ነው።