እኔ ሠራሁት በዪልኝ

ቢሾፍቱ፣ እሑድ ረፋድ፤ በጡረታ የተገለለው የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ አቶ ሽመክት ማድ ቤት ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ ቆሟል፤ ህንድ አገር ሄዳ የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረገችው ባለቤቱ ወይዘሮ እልፍነሽ በሩ ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣለች።

እልፍነሽ፦ አልልም አልኩህ፣ አልልም!

ሽመክት፦ እልፌ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። «እኔ ነኝ የሠራሁት» ትያለሽ፣ አለቀ። እንግዶቹ ይበላሉ፣ አንቺ ትመሰገኛለሽ።

እልፍነሽ፦ ይህን በልተው? ሽመክት፣ እኔ በዚህ ሰፈር በዶሮ ወጤ ስሜ የሚጠራ ሴት ነኝ። በስተርጅና ስሜን ልታጠፋው ነው?

ሽመክት፦ ምኑ ነው የሚያጠፋው?

እልፍነሽ፦ እስቲ ያችን ድስት ክፈታት። ይሄ ምንድን ነው? ፈረሰኛው የት አለ? መላላጫው የቱ ነው? ዶሮዋን ገነጣጠልካት ነው ወይስ አውቶቡስ ገጭቷት ነው?

ሽመክት፦ ህንዶች እንደዚህ ነው የሚቆርጧት። ብልት አይቆጥሩም።

እልፍነሽ፦ ወንድምህ ግን ይቆጥራል። ጋሽ ተድላ ገና ከቤቱ ሲወጣ «ፈረሰኛዬን» እያለ ነው የሚመጣው። ይህን ስብርባሪ በኮኮናት ወተት ነክረህ ታቀርብለትና «እልፍነሽ ናት የሠራችው» ትላለህ። ደረቴን ሲከፍቱት አእምሮዬንም አብረው ያወጡት ነው የሚመስለው።

ሽመክት፦ በሱ አትቀልጂ።

እልፍነሽ፦ ደረቱ የኔ ነው፤ ሲያሰኘኝ እቀልድበታለሁ።

ሽመክት፦ ዞር በይ እስቲ፣ ዘይቱ ግሏል። ሰናፍጩን ልጨምር ነው፤ ይፈናጠራል።

እልፍነሽ፦ ወይኔ እናቴ! ይሄ ምግብ ነው ወይስ ርችት?

ሽመክት፦ ክደኚው፣ ክደኚው! እንዲያ ነው። አየሽ፣ መንጣጣቱን ሲያቆም ከሙኑ ይገባል። ከዚያ ዝንጅብሉ፣ ከዚያ እርዱ። ህንድ፣ ቼናይ ሳለን አከራያችን ማላቲ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ። ሁሉም በተራው።

እልፍነሽ፦ ጡረታ ወጥተህም አልተወህም። ቅመሙን ሁሉ እንደ አውቶቡስ ታሰማራዋለህ። «ከሙን ወደ መጥበሻ፣ መነሻ ሰዓትህ ደርሷል! እርድ፣ አንተ ተራህን ጠብቅ!»

ሽመክት፦ ሥርዓት ነው። በአንቺ ቤት ግን ሁሉም ባንዴ ድስት ውስጥ ይዘፈቃል።

እልፍነሽ፦ በኔ ቤት የተዘፈቀውን በልተህ ነው ይህን ቦርጭ ያወጣኸው። ያኛው ቢጫውስ ምንድን ነው?

ሽመክት፦ ዳል ይባላል።

እልፍነሽ፦ አውቄዋለሁ። ክክ አልጫ ነው፤ ፓስፖርት ስላወጣ ነው ስሙን የቀየረው።

ሽመክት፦ ላሲውስ? ማንጎ የገባበት እርጎ ነው። ባለፈው አንቺው ራስሽ የብርጭቆውን ጠርዝ ስትልሺ አይቼሻለሁ።

እልፍነሽ፦ ኪኒኔን ልውጥበት ብዬ ነው። እርጎ ላይ ስኳር! እናቴ ብታይህ «እርጎው ምን ሆኖ ነው፣ ታመመ ወይ?» ብላ ትጠይቅህ ነበር።

ሽመክት፦ ጨዋማውም አለ። ለጋሼ እሱን ነው የማቀርብለት። ቀጠን ይልና ዝንጅብል፣ ትንሽ ጨው፣ የድንብላል ቅጠል...

እልፍነሽ፦ እሱማ አሬራ ነው! እኛ ቤት ለጥጃ ነበር የሚሰጠው። ከአሬራ ጋር ለመተዋወቅ ነው ውቅያኖስ የተሻገርከው?

ሽመክት፦ ሳቂ፣ ሳቂ። ብቻ ጋሼ ቀምሶ «ኧረ እልፍነሽ፣ ይሄ እንዴት ያለ ሙያ ነው!» ሲልሽ አንገትሽን ደፋ አድርገሽ ዝም በይ። ሌላ አልጠየቅኩሽም።

እልፍነሽ፦ አንተስ ያን ጊዜ የት ነህ?

ሽመክት፦ ሳሎን ነዋ። ከነሱ ጋር።

እልፍነሽ፦ ጋዜጣህን ይዘህ። ወይዘሮ ስመኝ ድንገት እንደገባች ቀን።

ሽመክት፦ አሁን እሷን ምን አመጣት?

እልፍነሽ፦ እሷ ሳታንኳኳ የምትገባ ጎረቤት ናት፤ እጣን ልትበደር... ኧረ ምን ልትበደር እንደመጣች እንኳ ረስቼዋለሁ፣ አንተን ሳይ። ሽርጥህን መቀመጫህ ሥር ጎስጉሰህ እንደ ዳኛ ተኮፍሰህ ቁጭ አልክ። ጭልፋው ግን እጅህ ላይ ቀረ። ምን አልካት? «ዝንብ እየገደልኩ ነው።» በጭልፋ!

ሽመክት፦ አምናኛለች።

እልፍነሽ፦ ምን ታምንሃለች! ጢምህ በእርድ ቢጫ ሆኖ ነበር። ወጥታ ለሰፈሩ ሁሉ «አቶ ሽመክትን የወፍ በሽታ ይዞታል» ብላ አውርታለች። ይኸው እስከ ዛሬ የሚጸልዩልህ አሉ።

ሽመክት፦ ለዚህ ነው እንዴ ሰዉ ሁሉ «አይዞህ» የሚለኝ?

እልፍነሽ፦ ለሱ ነው። አሁን እውነቱን ንገረኝ። የህንድ ምግብ አማረኝ ያለው ማን ነው? ጋሽ ተድላ ከጥሬ ሥጋ በቀር አምሮት የሚያውቅ ሰው አይደለም።

ሽመክት፦ እሱ አላለም። ደውሎ ስላንቺ ጠየቀኝ። «ሚስትህ እንዴት ሆነች፣ ማድ ቤት መግባት ጀመረች?» አለኝ።

እልፍነሽ፦ «ተሻላት ወይ» አላለም?

ሽመክት፦ ያው ነው እኮ።

እልፍነሽ፦ ለናንተ ያው ነው። እና ምን አልከው?

ሽመክት፦ «ገብታለች» አልኩት። ያላመነኝ ሲመስለኝ ደግሞ «እንዲያውም የህንድ ሙያ ተምራ ነው የመጣችው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። «በል እንግዲያው እሑድ አመለወርቅን ከነልጆቿ ይዤልህ እመጣለሁ» አለ። እህቴን አትምጣ ልል ነው?

እልፍነሽ፦ የህንድ ሙያ ተምሬ! እኔ ቼናይ የተማርኩት ሙያ ቢኖር ስፌቱ እንዳይፈታ ትራስ ደረት ላይ አቅፎ ማሳል ነው። እሱን ላሳያቸው?

ሽመክት፦ ምን ልበለው ታዲያ? «ወንድምህ ሽርጥ ታጥቆ ሽንኩርት ይከትፋል» ልበለው? መናኸሪያው ውስጥ ድምፄን የሰማ ሾፌር ሁሉ ሲጋራውን ይጥል ነበር እኮ!

እልፍነሽ፦ ቼናይስ? የማላቲ በር ላይ ተቀምጠህ በአደባባይ ስትወቅጥ የነበርከው አንተ አይደለህም?

ሽመክት፦ እዚያ ማን ያውቀኛል? ለነገሩ እዚያም መሳቂያ ሆኛለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሩዙን አሳርሬ ቤቷን በጭስ ስሞላው ማላቲ «አገርህ ማድ ቤት ውስጥ ሥራህ ምን ነበር?» አለችኝ። በዚያች በእንግሊዝኛዬ «መብላት» አልኳት። ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየችኝ፤ እንደ ጉድ።

እልፍነሽ፦ እንዴት ያለች ሴት ናት! አድራሻዋን ስጠኝ።

ሽመክት፦ አንቺ ግን የሆስፒታሉን ምግብ አልቀምስም ብለሽ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዞርሽ። ነርሷ ለመነችሽ፣ እኔ ለመንኩሽ፣ እምቢ። ያንን ቀጭን ሾርባ ማላቲ እያሳየችኝ ሠርቼ ሳመጣልሽ ሽታው ነው መሰለኝ ዞር አልሽ። አንድ ማንኪያ ዋጥሽ። ከዚያ ሌላ። እኔ... ከዚያ ወዲህ እጄን ከድስት ላይ ማንሳት ፈራሁ። በቃ። የተውኩ ቀን አንድ ነገር የምትሆኚ ይመስለኛል።

እልፍነሽ፦ ይህን ለኔ ከምትነግረኝ ለወንድምህ ንገረው።

ሽመክት፦ ለጋሼ? ይስቃላ!

እልፍነሽ፦ ይሳቃ! እኔ ስስቅብህ ስንት ወር ሆነኝ፤ ሞትክ? አሁን ስማኝ። «እኔ ሠራሁት» አልኩ እንበል። ጋሽ ተድላ በላ፣ ጠጣ፣ ተነሣ። በሩ ላይ ምን የሚል ይመስልሃል?

ሽመክት፦ እግዜር ይስጥልኝ።

እልፍነሽ፦ «እንግዲህ እልፍነሽ ድናለች፤ ፋሲካን እንደ ወትሮው እዚሁ ነን» ነው የሚለው። አመለወርቅ ከነልጆቿ ከነአማቾቿ። በጉ፣ ዶሮው፣ በኬሻ የሚመጣው ሽንኩርት። ማን ሊከትፈው ነው?

ሽመክት፦ እናግዝሻለን።

እልፍነሽ፦ እንዳምናው?

ሽመክት፦ አምና ደግሞ ምን ሆነ?

እልፍነሽ፦ አምና በፋሲካ ትንፋሼ አልመለስ ብሎኝ እዚህች ጋ፣ የሽንኩርቱ ኬሻ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ግድግዳውን ይዤ። አበቃልኝ ብዬ። ሳሎን ሳቅና ጨዋታ ነው። አንተ ከዚያ ሆነህ ተጣራህ። ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ?

ሽመክት፦ አላስታውስም።

እልፍነሽ፦ «እልፌ፣ ጨው!» ተነሥቼ አመጣሁልህ።

ሽመክት፦ አላወቅኩም እኮ። ብትነግሪኝ ኖሮ...

እልፍነሽ፦ አውቶቡስ ገና በግቢው በር ሲገባ ድምፁን ሰምተህ «የዚህኛው ፍሬን ተበልቷል» የምትል ሰው ነህ። የሚስትህን ትንፋሽ ለመስማት ግን ሐኪም ማዳመጫ ይዞ መምጣት ነበረበት። አንተ ማድ ቤት እንድትገባ የኔ ደረት መሰንጠቅ ነበረበት።

ሽመክት፦ ይሄ ሽንኩርት ዓይኔን አቃጠለኝ።

እልፍነሽ፦ ሽንኩርቱ ከተጠበሰ ቆይቷል።

ሽመክት፦ ለፋሲካ አላሠራሽም። በእግዜር።

እልፍነሽ፦ ምን ብለህ? ዛሬ ድናለች ብለህ አውጀህ፣ ያን ቀን ምን ልትል ነው?

ሽመክት፦ «እንደገና አመማት» እላለሁ።

እልፍነሽ፦ አዎ፣ በአፍህ አሳምመኝ! አንተ ሽርጥ ታጠቅህ እንዳይባል እኔ ስትፈልግ ልዳን፣ ስትፈልግ ልታመም። ጥሩ ስምሪት ነው።

ሽመክት፦ መኪና የቆመ መሰለኝ።

እልፍነሽ፦ ጋሽ ተድላ ነው። ከመኪና ሳይወርድ ነው ሳቁ የሚቀድመው።

ሽመክት፦ የቻፓቲው ቂጣ ሊጥ ገና አልተዳመጠም። ሻዩም አልተጣደም፤ ወተቱ...

እልፍነሽ፦ ዙር። ጀርባህን ስጠኝ፣ ሽርጡን ልፍታልህ።

ሽመክት፦ ምን ልታደርጊበት?

እልፍነሽ፦ ልታጠቀው ነዋ። እላለሁ፣ እሺ። «እኔ ነኝ የሠራሁት» እላለሁ። ደከመኝ፣ ሽመክት። ከቤተሰብህ ጋር ለመሟገት ደረቴ ገና አልጠናም። አንተ እጅህን ታጠብና ሳሎን ግባ። ጢምህንም አይተህ ውጣ።

ሽመክት፦ እያንኳኩ ነው።

እልፍነሽ፦ ሰማሁ። ቀጥ ብለህ ቁምልኛ! ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። ምን ብለህ ነው የቋጠርከው?

ሽመክት፦ ተይው።

እልፍነሽ፦ ምኑን?

ሽመክት፦ ተይው አልኩሽ፣ እልፌ። ተቀመጪ... ጋሼ! አመለ! በሩ አልተቆለፈም፣ ገፋ አድርጉትና ግቡ! መጥቼ እንዳልከፍትላችሁ እጄ ሊጥ ነው፤ ምሳ እየሠራሁላችሁ ነው!