ዓባይን ማን ጠየቀው?

ያን ጊዜ አሰበ ተፈሪ ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ቀን የሚፈጅባት ከተማ ነበረች። ዘርፈሽዋል ዛሬ በእርጅናዋ ስታወራው «ደጉ ጊዜ» ትለዋለች፤ አብዮቱ ከፈነዳ ሰባተኛው ዓመት እንደነበር፣ ስኳርም በቀበሌ ሱቅ በሰልፍ ይገኝ እንደነበር ትዘለዋለች። ጓጉንቸር የገዛችበትን ጠዋት ግን አትዘልም።

ጓጉንቸሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ከበድሪ ሱቅ ስትወጣ ከጤና ረዳቱ ከኃይለየሱስ ጋር ተገጣጠመች። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር በሚባልበት ከተማ «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ ብሎ ደክሞት ትቶታል።

«እንዴት አደሩ እትዬ ዘርፈሽዋል? ሌባ አስቸገረዎት እንዴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተርዬ። ሌባስ ምን አላት ብሎ! ለዓባይ ነው።»

ዓባይ ታናሽ ወንድሟ ነው። አርባ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ አእምሮው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዘገምተኛ ነውና ሰፈሩ «የዋሁ» ይለዋል። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ዘርፈሽዋል ከግቢ ሳታስወጣ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠብቃው ኖራለች። ሰሞኑን ግን በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ይጠፋባታል። በቀደም ከመቻራ ቡና ጭኖ የመጣ መኪና ለጥቂት ሳተው።

«አንድ ነገር ቢሆን ለአባቴ አጥንት ምን ብዬ እመልሳለሁ?»

«እውነትዎን ነው፤ ያስፈራል። ግን ምን ጎድሎበት የሚወጣ ይመስልዎታል?»

ጥያቄው ዘርፈሽዋልን ቆጠቆጣት። «ምን ይጎድልበታል? ከእኔ ቀድሞ ይበላል፤ ልብሱ ንጹሕ ነው። ስኳር በጠፋበት አገር ሻዩን በሦስት ማንኪያ ነው የማጠጣው! ባለፈው ወር ቤት ለቤት ስትዞር አንተው በቅጽህ ላይ ‹ኑሮው መልካም› ብለህ ጽፈህ የለም?»

ኃይለየሱስ አንገቱን ደፋ። «ጽፌያለሁ። እሱ አጠገባችን ተቀምጦ ሳለ የጠየቅሁት እርስዎን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የዓባይን ኑሮ በእርስዎ ቁና ሰፈርኩት።»

«መቁጠር የማይችል ሰው ምን ብሎ ይመልስልሃል?»

«መቁጠር ሌላ፣ መውደድ ሌላ ነው እትዬ። ምግቡም ልብሱም ትልቅ ነገር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥዎት። ነገር ግን ኑሮ በዚያ ብቻ አይለካም። ዛሬ ከእርስዎ ሌላ በስሙ የጠራው አለ? ‹ይህን አልፈልግም› ብሎ የተሰማለት ቀን አለ? አንድ ቀን ቢታጣስ ‹የት ቀረ?› የሚል ሰው አለው?»

ዘርፈሽዋል የድሮው ትዝ አላት። አባታቸው የቡና መጋዘን ዘበኛ ሳሉ ምሳቸውን የሚያደርሰው ዓባይ ነበር። አገልግሉን አንጠልጥሎ በገበያው ሲያልፍ ከወዲህም ከወዲያም «ዓባይ!» ይሉታል፤ እሱም ለሁሉም እጁን ሲያነሳ የአሥር ደቂቃው መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። ምሳው ይቀዘቅዛል፤ አባታቸው ግን አንድም ቀን ተቆጥተው አያውቁም። እንዴት ያለ ሳቅ ነበር የሚስቀው! ያን ሳቅ ከሰማች አሥራ ሁለት ዓመቷ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ የጎደለውን ታውቀው ነበር።

«ና እንግዲያው፣ ራስህ ጠይቀው» አለች በእልህ።

ዓባይ ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ኃይለየሱስ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብሎ «ዓባይ፣ ምን ትወዳለህ?» አለው።

«ሻይ ነው የሚወደው፤ ስኳር የበዛበት...» አለች ዘርፈሽዋል።

«እትዬ፣ እባክዎ።»

ዘርፈሽዋል ሁለት ጊዜ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዓባይ እህቱን አየ፤ ጤና ረዳቱን አየ።

«ሻይ እምቢ» አለ። «ሆጃ። የሞሚና። በጨው።»

ሞሚና ሆጃ የሚሉትን የቡና ገለፈት በወተት እያፈላች ገበያው ዳር የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት።

«ተሰልፌ ያመጣሁት ስኳር!» አለች ዘርፈሽዋል።

ሦስቱም ወደ ገበያው ወረዱ። ሞሚና ገና ስታያቸው ደነገጠች። «ወላሂ ዘርፌ፣ አንቺ የላክሽው መስሎኝ ነው! እሱ እኮ ቡና ይለቅምልኛል፤ የተበላሸውን ፍሬ ከእኔ ይልቅ እሱ ያያል። ጁምዓ ዕለት ቢቀር ደንበኛው ሁሉ ‹ዓባይ ኤሳ ጅራ? የት ሄደ?› እያለ ጨረሰኝ።»

ኃይለየሱስ የጠየቃትን ‹የት ቀረ?› ዘርፈሽዋል በጆሮዋ ሰማችው።

«መኪናውስ? ድሮ በዚህ መንገድ የአባቴን ምሳ ሲያደርስ እንዲህ መኪና አልበዛም» አለች ቀስ ብላ።

«በአባትዎ ጊዜ መንገዱን ተምሮት የለ? አሁንም ይማራል። መጀመሪያ አብረውት ይመላለሱ።»

አንድ ወር ሙሉ አብራው ተመላለሰች፤ ከዚያ ብቻውን ሆነ። መውጫ ያገኘ ሰው መጥፋቱን ተወ። ያ ሳቅም ተመለሰ። ይህን ያየች ጎረቤታቸው ሀሊማ እንደ ዓባይ ያለች፣ ከጓዳ አስወጥታት የማታውቃትን ልጇን በር ላይ ፀሐይ ማሞቅ ጀመረች። ጓጉንቸሩም ሸለምጥማጥ ላስቸገረው ለዶሮው ቤት ዋለ።

ኃይለየሱስ ለሚቀጥለው ዙር ቅጹን ይዞ ሲመጣ ዘርፈሽዋል በሯ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«የዓባይ ኑሮ እንዴት ነው እትዬ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሱን ጠይቀው እንጂ።»

«የት አለ ታዲያ?»

ዘርፈሽዋል ነጠላዋን አስተካከለች። በዚህች ከተማ ስንት ዓመት ኖራ ይህን ቃል ስለ ወንድሟ ተናግራው አታውቅም።

«ሥራ ላይ ነው» አለች።