በጠመኔ የተሳለው አልጋ

ሰው ሥዕል ላይ ሲተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ቡራዩ ላይ አይቻለሁ። ለአንድ ክሊኒክ የሲቲ ስካን ክፍል ፕላን ሠርቼ ብወስድ፣ ባለቤቱ ኦቦ ጉተማ "ወረቀት አይገባኝም፣ መሬት ላይ አሳየኝ" አሉኝ። እኔም ባዶው አዳራሽ ወለል ላይ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ማሽኑንና አልጋውን በጠመኔ በልካቸው ሳልኩላቸው። ቀና ስል፣ ማሽን መጣ ሲባል የሰሙ አንዲት እናት ጫማቸውን አውልቀው የጠመኔው አልጋ ላይ ተጋድመዋል! ሦስት ዘመዶቻቸው ከበዋቸዋል።

"ታካሚ ብቻ ነው የሚገባው፤ እናንተ ውጡ!" አልኩ። ምን እንዳናገረኝ እንጃ። ዘመዶቹ መስመሩን ተሻግረው ሊወጡ ሲሉ እናትየዋ ከተኙበት ተቆጡ፤ "በግድግዳ ይወጣል እንዴ? በሩ አይታያችሁም?" ሦስቱም ተመልሰው ተራ በተራ በበሩ ወጡ።

ጎንበስ ብዬ "እማማ፣ ይኼ እኮ ሥዕል ነው። ማሽኑ የሚመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው" አልኳቸው።

"አዲስ አበባም የቀጠሩኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ይኼ ለቤቴ ይቀርበኛል" አሉና ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ወረፋ ይዣለሁ፤ ጠመኔውን እንዳታጠፋብኝ።"