ለሞተር ጎማ የመጣ መርዶ
እኔን ያቃጠለኝ የመኪናው መንቀጥቀጥ አይደለም። እዚህ እስራኤል፣ ከቤኤር ቱቪያ መንደር ዕቃ የማመላልስበት አሮጌ የናፍጣ መኪናዬ እሑድ ጠዋት ሳስነሳው በድንገት ጥርሴ እስኪንገጫገጭ ያንቀጠቅጠኝ ጀመር። ናፍጣው ይሆናል ብዬ ማጣሪያውን ቀየርኩ። ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አንድ በአንድ ፈትቼ አየሁ፤ ደህና ናቸው። ሙሉ ቀን ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ የምንኖርበት ሕንጻ ሥር ስለፋ ውዬ፣ ምንም ሳላገኝ ገባሁ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ እናንተው ታውቁታላችሁ! እናቴ ጌዴራ ከተማ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ መጀመሪያ የታሰበችኝ እሷ ናት።

"ቁጭ በል ልጄ፣ የመጣውን መቻል ነው" አሉኝ ትልቁ። "የእህትህ ባል ዓርብ ዕለት መኪናህን ተውሶ ሳለ ድንጋይ ላይ ወጥቶበት፣ ሞተሩን ከሥር የሚይዘውን ጎማ በጥሶታል። ሊነግርህ አፍሮ ነው። ለእኛ ስትል ማረው።"

"ለአንድ ጎማ መርዶ ታረዱኛላችሁ?" ብዬ ጮህኩባቸው። እኔ፣ ሽማግሌ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው!

ድምፅዋን ልስማ ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ገና ስልኩን እንዳነሳች፣ "ነገሩህ እንዴ ልጄ? እኛኮ ቅዳሜ በሰንበት እንዳትናደድ ብለን ነው የደበቅንህ" አትለኝ መሰላችሁ!